የማያጉረመርም የሳሎን ኮምፒውተር

ጎጃም፣ ሞጣ ውስጥ አንድ ሳሎን እናስብ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ እጣኑ ይጨሳል፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ልጁ ከመኝታ ቤቱ አውጥቶ ያቆመው ትልቅ ኮምፒውተር ፊልም ያሳያል። ጨዋታው ሞቅ ሲል ጎረቤቲቱ ወደ ሳጥኑ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያጉረመርመው?» ይላሉ። ልጁ አፍሮ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። እንግዶቹም ለመደማመጥ የራሳቸውን ከፍ ያደርጋሉ። በረካው ሳይደርስ ሳሎኑ ገበያ ይሆናል።

ያው ድምፅ ቢሮ ውስጥ ቢሆን ልብ የሚለው አልነበረም። ሳሎን ግን እንግዳ ይቀመጥበታል፣ ሽማግሌ ይነጋገርበታል፣ ሕፃን ይተኛበታል። ስለዚህ ሳሎን የሚገባ ኮምፒውተር ከጉልበቱ በፊት ጠባዩ ይጠየቃል። የምናስተዋውቀው እንዲህ ያለውን ማሽን ነው፤ ፊልምና ሙዚቃ የሚያጫውት፣ የድሮውን የቴሌቪዥን ጌም የሚያስነሳ፣ መኖሩ ግን የማይሰማ።

ቡፌው ያስተናገዳቸው

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከስክሪኑ አጠገብ ቦታ ያገኘው ዕቃ ብዙ ነው። ዴክ ከነካሴቱ መጣ። ቀጥሎ ሲዲና ዲቪዲ ማጫወቻ፣ ከዚያም ሪሲቨር ተከተለ፤ በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ሲጀምር ብዙ ቤተሰብ ዲሹን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ አዞረ። በመሐል ካሴት የሚገባበት የቴሌቪዥን ጌም፣ ኋላም ፕሌይስቴሽን ገባ። ሁሉም የራሱን ሪሞት፣ የራሱን ገመድ፣ ከዲቫይደሩም ላይ የራሱን ቀዳዳ ይዞ ነው የመጣው።

የሳሎን ኮምፒውተር ከሪሲቨሩ በቀር የእነዚህን ሁሉ ሥራ ብቻውን ይሠራል። ምግቡ ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ከኮምፒውተር ቤት በፍላሽ፣ ከዘመድ ሃርድ ዲስክ፣ ከራስ ስልክ። ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ሥራ አይፈታም። የሁለት ሰዓት ፊልም ደህና በሚባል ጥራት ሲቀመጥ 3.6 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ የአንድ ቴራባይት ዲስክ ወደ 270 ፊልም ይችላል።

ጩኸቱ ከሙቀት ይወለዳል

ኮምፒውተር የሚጮኸው ስለሚሞቅ ነው። የሚበላው ኤሌክትሪክ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ይሆናል፤ 200 ዋት የሚበላ ማሽን ሳሎን ውስጥ የተለኮሰ የ200 ዋት ምድጃ ነው። ያንን ሙቀት ከሳጥኑ ለማስወጣት ፋን ይሽከረከራል፤ የምንሰማውም የፋኑ ክንፍ አየሩን ሲመታው ነው።

ፋን አንድ ደስ የሚል ሕግ አለው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ የሚያሳልፈው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። የሰው ጆሮ 10 ዴሲቤል ሲቀነስለት ድምፁ እኩሌታ የሆነ ይመስለዋል። ሁለት መሰል ፋኖች አብረው ሲዞሩ ደግሞ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ በሙሉ ፍጥነት በሚሮጥ አንድ ፋን ፋንታ በግማሽ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ፋኖች ቢገቡ ያንኑ ያህል አየር ያሳልፋሉ፤ ድምፃቸው ግን በ12 ዴሲቤል ያንሳል።

እዚህ ላይ የሞጣ ደጋነት ይገባበታል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይሞላ፣ 92 ገደማ ላይ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል፤ ስለዚህ ያው ፋን ያንኑ ሙቀት ለማውጣት እዚህ የበለጠ መሮጥ ሊኖርበት ይችላል። ደግነቱ ደጋው የወሰደውን በብርዱ ይክሳል። ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ለማሽኑ ያልተከፈለበት ማቀዝቀዣ ነው።

ብርዱ የማያድነው ከአቧራ ነው። የበጋ መንገድ አቧራ፣ የከሰል አመድና የእጣን ጢስ አንድ ላይ ሆነው ፋኑና የብረት ማቀዝቀዣው ላይ እንደ ጥላሸት ይጋገራሉ። ማሽኑን ከረከቦት አርቆ፣ ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በየጊዜውም ከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል። ቡፌው ውስጥ ተቆልፎበት መቀመጥም የለበትም፤ ከኋላና ከላይ ቢያንስ አራት ጣት የሚያህል መተንፈሻ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ዳንቴል አይልበስ። ቴሌቪዥኑን ያሳመረው ዳንቴል ኮምፒውተሩን ያፍነዋል፤ የታፈነ ማሽን ደግሞ ይጮኻል።

የትኛውን ማሽን?

ለዚህ ሥራ ምርጡ ዕጩ የጌም ኮምፒውተር አይደለም፤ ከቢሮ ጡረታ የወጣ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ የሚባሉት ዓይነቶች ጎናቸው 18 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው ከአራት ጣት የማይበልጥ ሳጥኖች ናቸው። ያገለገለ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ነው። በኢንቴሎቹ ላይ «ቲ» የሚል ፊደል ካለበት ለ35 ዋት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ያለ ፊደል የሚመጣው ወንድሙ ብዙውን ጊዜ 65 ዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኤን100 ደግሞ 6 ዋት ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ትውልዱ ነው። ፊልም ሲታይ ዋናው ድካም የታመቀውን ምስል መፍታት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ገበያውን የያዘው ሰባተኛው የኢንቴል ትውልድ፣ ዛሬ ብዙ ፊልም የሚታመቅበትን ኤች.265 የተባለውን ዘዴ በ10 ቢት ጭምር የሚፈታ ለዚሁ የተመደበ ክፍል በውስጡ አለው። ይህ ክፍል የሌለው ያረጀ ማሽን ያንኑ ፊልም በዋናው ፕሮሰሰር ጉልበት ይፈታዋል፤ ይሞቃል፣ ፋኑም ያፏጫል። ጸጥታው እንግዲህ ከፋኑ ይልቅ ከፕሮሰሰሩ ምርጫ ይጀምራል።

ከተገዛ በኋላ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት ጠርጎ በአዲስ መተካት፤ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ የሚሽከረከር አካል በሌለው ኤስኤስዲ መለወጥ፤ ለፊልም የሚሆነውን ትልቅ ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ ውጭ አድርጎ፣ እርግብግቡ ወደ ቡፌው እንጨት እንዳይተላለፍ ከሥሩ ስፖንጅ ማንጠፍ። ዊንዶውስ ላይ ከሆነ በፓወር ቅንብሩ ውስጥ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ አቅም ከ100 ወደ 99 በመቶ ይውረድ፤ ይቺ አንዲት ቁጥር ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ እንዳይፈናጠር ታግደዋለች። ፊልም ተመልካቹ ልዩነቱን አያየውም፤ ቡና ጠጪው ግን ይሰማዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለገዢ፦ ከእነዚህ ሳጥኖች ብዙዎቹ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የላቸውም፤ ያላቸው ዲስፕሌይፖርት ነው። ከማሽኑ ጋር መቀየሪያውን ያልገዛ ሰው ሞጣ ደርሶ ገመዱን ሲሰካ ነው የሚባንነው።

መብራት ሲሄድ

ትንሽ የሚበላ ማሽን ጸጥታው ብቻ አይደለም ትርፉ። ኮምፒውተሩ 20 ዋት፣ 32 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን 45 ዋት ቢበሉ ድምሩ 65 ነው። 12 ቮልትና 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል፣ የኢንቨርተሩን ብክነት ቀንሰን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ያሠራል። በዚያው ባትሪ 300 ዋት የሚበላው የጌም ኮምፒውተር ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ባትሪ የሌለው ቤት ቢያንስ ትንሽ ዩፒኤስና ስታቢላይዘር ያስፈልገዋል። ፋይል እየተጻፈ መብራት ድንገት ሲቋረጥ ዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ሊበላሽ ይችላል። መብራቱ ሲመለስም ከፍና ዝቅ እያለ ሊመጣ ስለሚችል፣ ማሽኑ ኃይል ባገኘ ቅጽበት በራሱ እንዳይነሳ ባዮስ ውስጥ ማዘዝ ይበጃል።

ተርጓሚው

አሁን ወደ ጌሙ እንምጣ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ፋሚኮምን ሲያወጣ ለዚያ ሳጥን የተጻፈው ጌም የሚገባው ለዚያ ሳጥን ብቻ ነበር። የዛሬ ፕሮሰሰር ቋንቋውን አያውቀውም። ኢሙሌተር የሚባለው ፕሮግራም በሁለቱ መካከል የሚቀመጥ ተርጓሚ ነው።

ጎጃም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አላት። ቢቸና አጠገብ ባለው በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌላው የመጻሕፍት ጉባኤ፣ ተማሪው የግዕዙን ንባብ ያሰማል፣ መምህሩ እየተቀበሉ በአማርኛ ይተረጉማሉ። ቀላሉ ኢሙሌተር እንዲሁ ነው፤ የድሮውን ማሽን ትእዛዝ አንድ በአንድ ይቀበላል፣ በአዲሱ ማሽን ቋንቋ ይመልሳል። ብልሁ ኢሙሌተር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደጋገመውን ክፍል አንዴ ይተረጉምና ይይዘዋል፤ ሲመጣበት ከያዘው ያወጣል እንጂ እንደገና አይደክምም።

ትርጉም ጉልበት ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ የድሮዎቹ ሸክም ቀላል ነው። የፋሚኮም ፕሮሰሰር በሴኮንድ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ ሲመታ ራሙ 2 ኪሎባይት ነበር። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን (እ.ኤ.አ. 1994) 33.9 ሜጋኸርዝና 2 ሜጋባይት፣ ሁለተኛው (እ.ኤ.አ. 2000) 294 ሜጋኸርዝና 32 ሜጋባይት ነበራቸው። የዘመኑ ቁጥር በጊጋኸርዝና በጊጋባይት ነው። ስለዚህ ትንሿ የቢሮ ሳጥን ፋሚኮሙን፣ ሴጋውንና የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ፋኗን ሳታስነሳ ትጫወተዋለች። ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ላይ ማላብ ትጀምራለች። ሦስተኛውን ከእሷ መጠበቅ ግን ግፍ ነው።

ሶፍትዌሩ በነፃ የሚገኝ ነው። ኮዲ ፊልሙንና ሙዚቃውን በሪሞት በሚታዘዝ ሰፊ ገጽ ያቀርባል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ስሙ ኤክስቢኤምሲ ነበር። ሬትሮአርክ ብዙ ኢሙሌተሮችን በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበስባል። ባቶሴራ ደግሞ ከፍላሽ ላይ ተነስቶ ሳጥኑን እንዳለ የጌም ማሽን ያደርገዋል። የአማርኛ ፋይል ስሞች በአራት ማዕዘን ሳጥን ከታዩ ጥፋቱ የፎንት ነው፤ የግዕዝ ፊደል ያለውን የኖቶ ፎንት መጫን ይፈታዋል። ጆይስቲኩ ተጭኖ ተጫዋቹ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ማሽኑን ከመውቀስ በፊት የቴሌቪዥኑን ቅንብር ከፍቶ «ጌም ሞድ» የሚለውን ማብራት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው ምስል ማሳመሪያው ነው።

የሕጉ ነገር በሁለት ይከፈላል። ኢሙሌተሩን መሥራትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሶኒ ኮኔክቲክስን በከሰሰበት ጉዳይ ለኢሙሌተር ሠሪው ፈርዷል። ጌሙ ራሱ ግን ባለቤት አለው፤ ፊልሙም እንዲሁ። የእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ይጠብቃል። የራስን ዲስክ መጠቀምና ሠሪዎቻቸው በነፃ የለቀቋቸውን ጌሞች መፈለግ ንጹሑ መንገድ ነው።

ከመሳቢያው ውስጥ ያለው

ባለቤትነቱ የማያጠያይቅ አንድ ፊልም ግን ብዙ ቤት አለ፤ የሰርግ ካሴት። ዴኩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ካሴቱ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ማግኔቱ ከዓመት ዓመት ይደክማል። የሚሠራ ዴክ ተውሶ፣ በዩኤስቢ በሚሰካ መቅረጫ በኩል ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት ይቻላል። አቋራጭ የለውም፤ የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

የእነዚህ ካሴቶች ምስል ደብዝዞም ይታያል። የሚያስቸግረው ድምፁ ነው። ካሜራው ራቅ ብሎ ስለቆመ የሽማግሌው ምርቃት ከሹክሹክታ አይሻልም፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት የቴፑ ሽሽታ አብሮ ይጨምራል። ያን ጊዜ ጎረቤቲቱም ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይላሉ። ሳጥኑ እዚያው ጎን ተቀምጧል፤ የሚያወጣው ድምፅ ስለሌለ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው፣ «ቆይ እስቲ መልሳት፣ ምን ነበር ያሉት?» ነው።