ለድድ የሚመጠጥ ባክቴሪያ

ጥርስ ሲቦረሽ ደም ሲታይ ብዙ ሰው በብሩሹ ያሳብባል። የጥርስ ሐኪሙ ግን በሚሊሜትር የተከፋፈለች ቀጭን ዘንግ አንስቶ በጥርስና በድድ መሃል ቀስ አድርጎ ይሰዳል። ዘንጓ እስከ 3 ሚሊሜትር ገብታ ከቆመችና ድዱ ካልደማ ደህና ነው። 5 እና 6 ድረስ ከጠለቀች ግን ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ሠርቷል። ኦክሲጅን የማይወዱ ባክቴሪያዎች፣ በተለይም ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባለው፣ የሚመቻቸው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ሰውነት እነሱን ለመከላከል ሲነሣ ድዱ ይቆጣል፤ መቆጣቱ ሲሰነብት ጥርሱን የያዘው አጥንትም እየተበላ ይሄዳል።

ዋናው ሕክምና ከድድ በላይም በታችም የተጋገረውን ታርታር ፍቆ ማውጣት ነው። ይህን የሚተካ ክኒን የለም። ሆኖም ኪሱ ከጸዳ በኋላ የቀድሞዎቹ ባክቴሪያዎች ተመልሰው ይሰፍራሉ፤ የታረመ ማሳ ባዶውን ከቆየ አረሙ እንደሚመለሰው ማለት ነው። የፕሮባዮቲክ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው፦ ቦታውን ጉዳት የሌለው ባክቴሪያ ቀድሞ ቢይዘውስ?

ለዚህ ሥራ ብዙ የተጠናው ላክቶባሲለስ ሪዩተሪ ነው። ባዮጋያ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ሁለት ዝርያዎቹን በአንድ የሚመጠጥ እንክብል አዋህዶ ይሸጣል። የዝርያዎቹ የትውልድ ታሪክ ራሱ ይገርማል፤ አንደኛው የተገኘው ከአንዲት ፔሩዊት እናት የጡት ወተት ሲሆን ሌላው ከአንዲት ጃፓናዊት አፍ ነው። ሪዩተሪ ግሊሰሮል ሲያገኝ ሪዩተሪን የተባለ፣ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገታ ንጥረ ነገር ያመነጫል። እንክብሉ ተውጦ ሆድ ከገባ ግን ለድድ የታሰበው ጥቅም ይቀራል፤ አፍ ውስጥ ቀስ ብሎ መሟሟት አለበት።

የቤልጅየምና የቱርክ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 30 ሕሙማን ጥርሳቸው ሙሉ በሙሉ ከተጸዳ በኋላ ገሚሶቹ ሪዩተሪ ያለበትን፣ ገሚሶቹ የሌለበትን እንክብል በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት መጠጡ። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው። ጠለቅ ያሉት ኪሶች ግን ባክቴሪያውን በወሰዱት ላይ ይበልጥ ቀንሰዋል።

ታዲያ ሐኪሞች ለምን አያዙትም? የአውሮፓ የድድ ሕክምና ፌዴሬሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ፕሮባዮቲክን ከጽዳቱ ጋር ደርቦ መስጠትን አልደገፈም። ጥናቶቹ ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ የተሞከሩት ዝግጅቶችም ይለያያሉ፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው አይመሰክርም። በእኔ ግምት መመሪያው ልክ ነው፤ ኪሱን ሳያስጸዳ እንክብል የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከሰረ። እርጎስ? እርጎ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ባክቴሪያ እንደ አሠራሩ ስለሚለያይ፣ ተመርጦና ተለክቶ በተሰጠው ዝርያ የተገኘውን ውጤት ከእሱ መጠበቅ አይቻልም።

መሞከር የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ጊዜው ከጽዳቱ በኋላ ነው፤ ማታ ጥርስን ቦርሾ መምጠጥ ይመቻል። ክሎርሄክሲዲን ያለበት የአፍ ማጠቢያ መልካሙን ባክቴሪያም ስለማይምር ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ትርፍ የለውም። የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። መምጠጡ ሲቆም ባክቴሪያው ብዙ ሳይቆይ ከአፍ ስለሚመናመን፣ ከመግዛት በፊት የስንት ወር ወጪ እንደሚሆን ማስላትም አይከፋም።