በወገብ የሚታሰር ሽመና

መሣሪያው ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ከማገዶ እስር አይለይም። ጥቂት የለሰለሱ ዱላዎች፣ አንድ ገመድና አንድ ሰፊ የወገብ ጠፍር ብቻ ነው። በጓቴማላ ደጋ የምትኖር የማያ ሴት ይህን ይዛ ወደ ጓሮዋ ትወጣና አንዱን ጫፍ ከዛፍ ወይም ከቤቱ ምሰሶ ታስራለች፤ ሌላውን በጠፍሩ አድርጋ ከወገቧ ታያይዛለች። ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ወደ ኋላ ለጠጥ ስትል ድሩ ይወጠራል፤ ጎንበስ ስትል ይረግባል። የሽመናው ሁለተኛ ምሰሶ የራሷ ገላ ነው።

በእኛ አገር ጥጡን ዳምጣ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ስትሆን፣ ጉድጓድ ገብቶ የሚሸምነው በአብዛኛው ወንድ ነው። በማያዎች ዘንድ ግን ፈትሉም የወገብ ሽመናውም የሴት ነው። ወንዶቹ የያዙት በእግር እየተረገጠ የሚሠራውን ትልቁን መሣሪያ ሲሆን፣ እሱም በ1524 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አገሩን መውረር ከጀመሩት ስፔናውያን ጋር የመጣ ነው። የሴቶች ቀሚስ የሚሰፋበት ረጅሙ ጨርቅ ዛሬም የሚወጣው ከዚያ ላይ ነው። የሴቶቹ መሣሪያ ከወረራው በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ሐይና ከምትባለው የሜክሲኮ ደሴት ከሚታወቁት የማያ ሸክላ ምስሎች አንዱ፣ ከ600 እስከ 900 ባለው ዘመን የተሠራው፣ ድሯን ከዛፍ አስራ የምትሸምን ሴት ያሳያል። አቀማመጧም ሆነ የመሣሪያዋ አስተሳሰር ለዛሬዋ ሸማኔ እንግዳ አይሆንባትም።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ እስኪሞከር ድረስ ነው ታዲያ። ድሩ መጀመሪያ ችካል በተተከለበት ጣውላ ላይ ይዞራል፤ የጨርቁ ርዝመት እዚያው ይወሰናል። ብዙዎች ክሩ እንዲጠነክር በቀጭን የበቆሎ አጥሚት ይነክሩታል። መሣሪያው ላይ ሲወጣ አንዱ ዱላ በክር ቀለበቶች እየሳበ የድሩን ግማሽ ብድግ ያደርጋል፤ ሌላው ዱላ ቀሪውን ግማሽ ይለያል። በመካከል በሚከፈተው ቀዳዳ ማጉ ያልፋል፣ ጠርዙ የሳሳ ጠፍጣፋ እንጨትም ይመታዋል። ጥለቱ የሚገባው በዚሁ መሐል ነው። ሸማኔዋ በጣቷ ወይም በሹል እንጨት ድሩን እየቆጠረች ባለቀለም ክር ጣል ታደርጋለች። የምታየው ንድፍ የለም፤ ቁጥሩን የያዘችው ከእናቷ በቃል ነው። አንድ ክር ከሳተች የወፉ ክንፍ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ የሠራችውን ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ዊፒል የሚባለው የሴቶች የላይ ልብስ፣ ጥለቱ የበዛ ከሆነ፣ ወራት ይፈጃል። ያውም በማብሰሉና በልጅ ማሳደጉ መካከል በሚገኝ ጊዜ ነው።

የጨርቁ ወርድ እጇ ከሚደርስበት አያልፍም። ስለዚህ ዊፒል ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራጭ ተጋጥሞ ይሰፋል። እያንዳንዱ ቁራጭ አራቱም ጠርዙ ተዘግቶ ከመሣሪያው ስለሚወርድ ለአንገት ቀዳዳ ካልሆነ መቀስ አያስፈልገውም።

በ2018 በተደረገው ቆጠራ ከጓቴማላ ሕዝብ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ማያ ነው፤ ቋንቋዎቹም 22 ናቸው። ልብሱ ከቋንቋው ይልቅ ይዘረዝራል፤ ዊፒል የለባሿን ከተማ ይናገራል። የቺቺካስቴናንጎ ሴቶች ሁለት ራስ ያለው ንስር ያሰፍራሉ፣ የሳንቲያጎ አቲትላን ሴቶች ልብሳቸውን በወፎች ይሞሉታል። የአቲትላኗ ኮንሴፕሲዮን ራሚሬስ ረጅሙን መቀነት ራሷ ላይ ጠምጥማ የሚታየው ምስሏ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በጓቴማላ የ25 ሳንቲም ገንዘብ ላይ ተቀርጿል። ፊቷ በየኪሱ በሚዞርበት አገር፣ በ1990 ባሏ በእርስ በርስ ጦርነቱ ተገደለ።

ያ ጦርነት ከ1960 እስከ 1996 የቆየ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የተቋቋመው እውነት አጣሪ ኮሚሽን በ1999 ባወጣው ዘገባ ከ200,000 በላይ ሰው እንደሞተ ወይም እንደጠፋ ገምቷል፤ ማንነታቸው ከተረጋገጠው ሰለባዎችም 83 በመቶው ማያዎች ነበሩ። ከተማን የሚናገር ልብስ በኬላ ላይ አደገኛ ምስክር ሆነ። ከየመንደራቸው የሸሹ ሴቶች ዊፒላቸውን አውልቀው የሌላ ሰው ልብስ ለበሱ። ሽመናው ግን አብሯቸው ተሰደደ፤ ጥቂት ዱላ የትም ይቆረጣል፣ ጥለቱም በቃል የተያዘ ነው። በ1988 ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች ኬትሳልቴናንጎ ከተማ ውስጥ ትራማ ቴክስታይልስ የተባለ የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩ ጨርቅ ከመሸጥ አልፎ ሽመና ያስተምራል።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ደማቁ ቀይ ቀድሞ የሚወጣው በበለስ ቁልቋል ላይ ከምትኖረው ኮቺኒል ከተባለች ደቃቅ ተባይ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የጓቴማላ ዋና የውጭ ንግድ ይኸው ነበር፤ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ቀለምን በኬሚካል መሥራት ሲጀምሩ ገበያው ወደቀ፣ ቦታውን ቡና ያዘ። ይህችው ተባይ ለቀለም ምርት ተብላ ትግራይ ገብታለች፤ በለሱን ማድረቋ ግን ለገበሬው መከራ ሆነ። ዛሬ በሳን ሁዋን ላ ላጉና የሴቶች ማኅበራት ክሩን በቅጠልና በቅርፊት ይነክራሉ፤ ቱሪስቱ የሚወደው ደብዘዝ ያለ ቀለም ይወጣል። ለራሷ የምትሸምን ሴት ግን ብዙ ጊዜ የምትመርጠው ቦግ ያለውን የፋብሪካ ክር ነው። ይህን እንደ ባህል መበረዝ የሚያዩ አሉ፤ የልብሱ ባለቤት ማን ሆነና ነው?

የባለቤትነቱ ጥያቄ ዛሬ በጣም የከረረው በገበያው ላይ ነው። በጨርቅ ላይ በማሽን የታተመ የዊፒል ምስል ከእጅ ሥራው እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። አሮጌ ዊፒል ተቆራርጦ ቦርሳና ጫማ ይሆናል፤ የሸማኔዋ ስም የትም አይነሣም። በሳካቴፔኬስ የሚገኘው አፌዴስ የተባለው የሴቶች ማኅበር ከሌሎች ሸማኔዎች ጋር አገር አቀፍ ንቅናቄ አቋቁሞ በ2016 ጉዳዩን ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ወሰደው። ከንቅናቄው ቃል አቀባዮች አንዷ ከማያ ሕዝቦች አንዱ የሆነው የካቅቺኬል ተወላጅ ሸማኔ አንሄሊና አስፑዋክ ናት። ሴቶቹ ጥለቶቻቸውን ወራሪው ሊያቃጥላቸው ያልቻለ መጻሕፍት ይሏቸዋል። ነገሩ ማጋነን አይደለም፤ በ1562 መነኩሴው ዲዬጎ ደ ላንዳ በዩካታን የማያ መጻሕፍትን እሳት ውስጥ ከትቷል።

ፍርድ ቤቱ በ2017 ያለውን የፈጠራ መብት ሕግ አልሻረም፤ የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የጋራ ፈጠራን የሚጠብቅ ሕግ እንዲያስብበት ግን አሳሰበ። ሴቶቹም ረቂቅ አቅርበዋል። እንደ ረቂቁ፣ የጥለቱ ባለቤት ማኅበረሰቡ ይሆናል፤ ከጥለቱ የሚያተርፍ ድርጅትም ለማኅበረሰቡ ድርሻ ይከፍላል። ክርክሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የፈጠራ መብት ሕግ አንድ ደራሲና አንድ ቀን ይፈልጋል፤ የንስሩ ጥለት ግን ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ እያንዳንዷ ጥቂት ክር ጨምራበታለች። ሁለት ከተሞች ተመሳሳይ ጥለት ሲሸምኑስ ለማን ይጻፋል? የንቅናቄው መልስ ይህን የሚወስኑት በየከተማው የሚቋቋሙ የሸማኔዎች ምክር ቤቶች ይሁኑ የሚል ነው።