የልጆቻችን ፈተናና የወላጆች አደራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በቀረበ ቁጥር በየአጥቢያችን የሚታይ ነገር አለ። በሰንበት ትምህርት ቤት ያገለግሉ የነበሩ ወጣቶች ይርቃሉ፤ እናቶች በታቦቱ ፊት ስእለት ይሳላሉ፤ አባቶች የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍያ ለማሟላት ይደክማሉ። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመነጨ ነው። ለብዙ ቤተሰብ የአንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ከችግር መውጫ በር፣ የታናናሾቹም ተስፋ ስለሆነ ጭንቀቱን ማቃለል አይገባም። ይሁን እንጂ በዚህ ጭንቀት መካከል ልጁ ከእኛ ምን እየተማረ እንደሆነ መመርመር የክርስቲያን ወላጅ ግዴታ ነው።

የፈተናው ክብደት

በግንቦት 2008 ዓ.ም. ብሔራዊው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። ከዓመታት በኋላም ኩረጃንና ስርቆትን ለመከላከል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው እንዲፈተኑ ተወሰነ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚህ መንገድ ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህም ማለት በዚያ ዓመት ከ100 ቤቶች በ97ቱ ገደማ የተሰማው ወሬ የሚያሳዝን ነበር። ፍቅራችንን በውጤት ላይ ከሰቀልነው፣ ልጃችን እጅግ በሚያስፈልገው ቀን ፍቅራችንን ያጣዋል ማለት ነው።

ዕውቀትን መሻት መልካም ነው

ቤተ ክርስቲያን ትምህርትን አትነቅፍም። ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን ቤተ መንግሥት የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት ተምረው ከእኩዮቻቸው ሁሉ በልጠው ተገኝተዋል (ዳን. 1)። ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትም በአቴና የዘመኑን ጥበብ ተምረዋል። ልናስተውለው የሚገባው ግን ዳንኤል በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ የቈረጠው ገና በትምህርቱ መጀመሪያ መሆኑን ነው። ሁለቱ ሊቃውንትም በዚያች የፈተና ከተማ የሚያዘወትሯቸው መንገዶች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ወደ መምህራኑ። ልጁን «ፈተናው እስኪያልፍ» ብሎ ከቅዳሴና ከሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስቀር ወላጅ፣ ሳያውቀው ከሁለቱ መንገዶች አንዱን ይዘጋበታል። ደግሞም እግዚአብሔር ሥራ ሲበዛ የሚተው ነገር መሆኑን ያስተምረዋል።

ኩረጃ ኃጢአት ነውን?

አንዳንዶች ኩረጃን «መረዳዳት» ይሉታል። በእውነቱ ግን ሁለት ትእዛዛትን በአንድነት ያፈርሳል። የሌላውን ድካም መውሰድ ስለሆነ ስርቆት ነው፤ የማያውቁትን እንደሚያውቁ አድርጎ በወረቀት ማስመስከር ስለሆነም የሐሰት ምስክርነት ነው። ጉዳቱ በፈተና ክፍል አያበቃም። ያልተማረውን የተማረ መስሎ ያለፈ ሐኪም የሚያክመው ሰው፣ መሐንዲስም የሚያሠራው ቤት አለ።

ከዚህ የሚከፋው ወላጅ ሲተባበር ነው። ካህኑ ዔሊ ልጆቹ የመሥዋዕቱን ሥጋ በግድ ሲወስዱ ሰምቶ በቃል ገሥጿቸው ነበር፤ አልከለከላቸውም እንጂ። እግዚአብሔርም ከእርሱ ይልቅ ልጆቹን ስላከበረ ወቀሰው (1ኛ ሳሙ. 2)። ተሰረቀ የተባለ ፈተና ለመግዛት ገንዘብ የሚያወጣ አባት ግን ከዔሊም አልፎ ሄዷል፤ ዔሊ ቢያንስ ሹካውን አላቀበላቸውም።

ደግ ተማሪን ማሳደግ

ጭንቀት የልጅን ልብ ያጠብባል። ማስታወሻውን ከጓደኛው የሚደብቅ፣ በሌላው መውደቅ የሚጽናና ልጅ እየተፈጠረ ከሆነ ውጤቱ ቢያምርም ቤቱ ከስሯል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ቀድሞ የተማረው ለኋለኛው ያስጠናል፤ ለምኖ ያመጣውንም ቁራሽ ይካፈላል። ለጓደኛው ያስረዳ ተማሪ ትምህርቱን ይበልጥ እንደሚያጸናው መምህራን ሁሉ ያውቁታል።

ከወደቀውም ጋር እንዴት እንደምንቆም የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ያስተምረናል። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ በመምህሩ በአጎቱ በጌዴዎን ተቀጥቶ መሸሹን፣ ደጋግማ እየወደቀች ዛፍ የወጣችውን ትል አይቶ መመለሱን ሁላችን እናውቃለን። ዘወትር የምንናገረው ስለ ትሏ ጽናት ነው። ነገር ግን ያሬድ ሲመለስ የሚቀበለው መምህር ነበረው። የተከፈተ በር ባያገኝ ኖሮ ጽናቱ የት ይደርስ ነበር?

ወላጆች ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ፍቅራችን በውጤት የማይለወጥ መሆኑን ከውጤቱ በፊት በቃል እንንገራቸው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን ተስፋ እንዳያስቆርጡ ያዘዘውን እናስብ (ቈላ. 3፥21)። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማነጻጸርም ይቅር።

ሁለተኛ፣ ስእለታችንን እንመርምር። «ልጄ ካለፈ» ብለን ስንሳል «በእውነት እንዲያልፍ፣ ባያልፍም እንዲጸና» የሚለውን ልመና እንጨምር።

ሦስተኛ፣ ጥናት ከሰውነት ግዴታ ነፃ አያወጣም። ተማሪው ለታመመ ጎረቤት ውኃ ያቀብል፣ ለቅሶ ቤት ይድረስ፣ አያቱን ይጠይቅ። አንድ ሰዓት ቢወስድ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ትምህርት ነው።

አራተኛ፣ ራሳችን ምሳሌ እንሁን። በሚዛን የሚያታልል ነጋዴ ወይም ጉዳይ ለማስፈጸም ጉቦ የሚሰጥ አባት ልጁን አትኮርጅ ቢል ቃሉ አይሰማም።

አምስተኛ፣ ውጤት ያልመጣለት ልጅ በቤት ውስጥ ብቻውን አይተው። ዝምታው ከበዛ፣ ምግብና እንቅልፍ ካጣ፣ ሞትን የሚያነሣ ከሆነም ሳንዘገይ ወደ ንስሐ አባቱም ወደ ሐኪምም እንውሰደው። የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ዳግመኛ መፈተንና የቴክኒክና ሙያ ትምህርት መኖራቸውንም ልቡ ሲረጋ እናስረዳው። ጻድቁ ዮሴፍ አናጺ፣ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበሩና የእጅ ሙያ በቤተ ክርስቲያን የተናቀ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ለልጆቻችን የጥቂት ዓመታት ማደሪያ ነው፤ ይዘውት የሚገቡትና ይዘውት የሚወጡት ምግባር ግን በእኛ ቤት የሚሠራ ነው። ልጆቹን በአደራ የሰጠን አምላክ አደራውን በታማኝነት እንድንወጣ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።