ድንጋዩን ከመክፈል በፊት አቼቶ ይጠየቅ

ለሽያጭ የቀረበ አፓርታማ የሚጎበኝ ገዢ ማድ ቤት ሲገባ እጁ ቀድሞ የሚያርፈው በካቢኔቱ ድንጋይ ላይ ነው። ከደበዘዘ ዋጋ ማስቀነሻ አገኘ ማለት ነው። ደላላው ይህን ያውቃል፤ ባለቤቱ የሚነቃው ግን ዘግይቶ ነው።

በገበያው «ግራናይት» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ግራናይት አይደለም። እብነ በረድ፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከዳለቲ የሚወጣውን ጨምሮ፣ ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ ሎሚ፣ አቼቶና ቲማቲም ገጹን ይበሉታል። የሚቀረውን ፈዛዛ ምልክት ብዙዎች እድፍ መስሏቸው በሽቦ ይፈገፍጉታል፤ ጉዳቱንም ያብሱታል። የተበላ ድንጋይ የሚመለሰው በማጠብ ሳይሆን እንደገና በማሽን በማለስለስ ነው፤ ይህም የባለሙያ ሥራና ወጪ ነው። ግራናይት በአብዛኛው ኳርትዝና ፌልድስፓር ስለሆነ እነዚህን ይቋቋማል፤ ዘይት ግን ይመጣል።

ስለዚህ ከክፍያ በፊት ከሻጩ የተወለወለ ቁራጭ ተቀብሎ ጥቂት አቼቶ ጠብ ማድረግ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም ማበስ ይበጃል። ቦታው ከፈዘዘ «ግራናይት ነው» የሚለው ቃል አያስኬድም።

ለዕለት ጽዳት ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ የዕቃ ሳሙና ይበቃል፤ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ እንዳይዘነጋ። የወጥ ዘይት ከገባበት ቤኪንግ ሶዳ በውኃ እንደ ሊጥ ለውሶ መለጠፍና በፕላስቲክ ሸፍኖ ማሳደር አብዛኛውን ጊዜ ይስበዋል። የውኃ ጠብታ ድንጋዩን ካጠቆረው መከላከያ ቅባቱ፣ ሲለሩ፣ አልቋልና ይታደስ። ሲለር ግን እድፍ እንዳይሰርግ ያግዛል እንጂ እብነ በረድን ከሎሚ አያድንም፤ ሻጮቹ ይህን ቀድመው ሲናገሩ እምብዛም አይሰማም።