ርካሹ ዓሣ ለምን አይሸጥም?

ጋምቤላ ላይ ሳምቡሳው ማነሱ፣ ቦምቦሊኖው መወደዱ የየዕለት እሮሮ ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ዱቄቱ በጎሬና በቡሬ ጠመዝማዛ መንገድ ምን ያህል ነዳጅ አቃጥሎ እንደሚደርስም እንዲሁ። እኔን የያዘኝ ሌላው ቅሬታ ነው። «ሽታው ይጠራኛል፣ ግን እፈራዋለሁ።» ሰውየው የሚጠበሰው ዓሣ አጠገብ ቆም ይላል፣ እጁን ኪሱ ይከታል፣ ከዚያ ባዶውን አውጥቶ ይሄዳል።

«ዓሣ ጠባሿ ካልተሸጠላት ዋጋ ትቀንስ» የሚለው ምክር ተደጋግሞ ይሰማል። ስህተቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። በበጋ የጋምቤላ ሙቀት 40 ዲግሪ ያልፋል። ጠዋት ከባሮ የወጣ አምባዛ ወይም ቆሮሶ ያለ በረዶ እስከ ማታ አይቆይም። ስለዚህ መሸት ሲል ሻጯ ዋጋ ብትቀንስ ተገቢ ይመስላል። ገዢው ግን ዓሣው መቼ ከውሃ እንደወጣ፣ ዘይቱም ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ አያይም። የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው። 60 ብር የነበረው 30 ሆነ እንበል፤ በገዢው ልብ የሚመጣው «ረከሰልኝ» ሳይሆን «ምን ሆኖ ነው?» ነው። ቅናሹ ራሱ ዓሣውን ያሳማል።

ከሰዓት የወጣ ትኩስ ዓሣ ይዛ፣ ልጆቿ ጋ ቶሎ ለመግባት ብቻ ዋጋ የቀነሰችውም በዚያው ዓይን ትታያለች። ዘይት የለወጠችውና ያልለወጠችው እኩል ከተጠረጠሩ፣ የለወጠችው ወጪዋን ከማን ታስመልሳለች? በማግስቱ እሷም አትለውጥም። የጠቆረው ዘይት የገዢው ፍርሃት ምክንያት ነው፤ የዚያኑ ያህልም ውጤቱ ነው። ይህን መንገድ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባገለገሉ መኪኖች ገበያ አሳይቶ፣ በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። እኔ ከባሮ ዳር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም።

ከጎኗ ያለውን ተመልከቱ። እሸት በቆሎው ዓይናችን እያየ ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ ማንጎው ከነልጣጩ ነው፣ ለውዙም ከነቅርፊቱ። እዚያ ማንም አያመነታም። በእጃቸው ንጽሕና ይበልጧታል ማለት አይደለም፤ ዕቃቸው ራሱን ያሳያል።

ለዓሣና ለሳምቡሳ ይህን የሚተካው ደንበኝነት ነው። ትናንት በልቶ ደኅና ያደረ ሰው ዛሬ ወደዚያው ጥግ ይመለሳል። ታዲያ ጥጉ መኖር አለበት! ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ምጣዷን አንጠልጥላ የምትሮጥ ሴት የምታጣው የዚያን ቀን ሽያጭ ብቻ አይደለም፤ ስድስት ወር የሠራችውን ስም ነው። ነገ የት እንደምትሆን የማታውቅ ሻጭ ለነገ ደንበኛ ብላ ዘይት አትደፋም። ባለሥልጣናት ለጤና ብለው የሚያደርጉት ማባረር ጤናውን ያባብሰዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ጋምቤላ ራሷ የተቆረቆረችው ለነጋዴ ቋሚ ቦታ በመስጠት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ዳርቻ ለንግድ ጣቢያ ተፈቅዷል። ለእንፋሎት መርከብ ነጋዴዎች የተገኘ ዳርቻ ለዓሣ ጠባሿ ሁለት ሜትር አይጠፋውም።

የዋጋ ግሽበት አኃዝ ይህን የመንገድ ዳር ገበያ ችግር ያሳየናል ብላችሁ አትጠብቁ። በዓለም አቀፉ የፍጆታ አመዳደብ መንገድ ላይ ተገዝቶ እዚያው የሚበላ ነገር የሚቆጠረው ከምግብ ሳይሆን ከምግብ ቤትና ሆቴል አገልግሎት ጋር ነው። የጫኝና አውራጁ ምሳ «ምግብ ነክ ያልሆነ» ተብሎ ሲመዘገብ፣ በወርሃዊው የምግብ ግሽበት ቁጥር ላይ ያለኝ እምነት ይላላል።

ገዢው ካመነታ ጠባሿ ከአጥማጁ የምትገዛው ያንሳል፣ አጥማጁም መረቡን ቀድሞ ይሰበስባል። ከዘይቱ በፊት ቦታው ይለካላት።