የራስ ጠጕር አያያዝ፤ ቤት ውስጥ የሚዘጋጀው ቅባትና ወሰኑ

የራስ ጠጕርን መንከባከብ ለውበት ብቻ የሚደረግ ከንቱ ድካም የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ጠጕር በአግባቡ ሲያዝ የራስ ቆዳ ጤና ይጠበቃል፤ ሲዘነጋ ወይም ምንነቱ ባልታወቀ ነገር ሲቀባ ግን ሕፃናትን ከትምህርት ገበታ እስከ ማስቀረት የሚያደርስ ጕዳት ይከተላል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች፥ እንዲሁም በምዕራብ ጎጃም ገጠር፥ ለጠጕር የሚሆነው ቅባት ከሱቅ ሳይገዛ በቤት ሊዘጋጅ ይችላል፤ ቅቤው ከላሚቱ፥ ተልባው ከማሳው፥ ጉሎውም ከአጥሩ ሥር ይገኛልና። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች ምን እንደሚሠሩና ምን እንደማይሠሩ ለይተን ለማስረዳት እንወዳለን።

ስለ ጠጕር ተፈጥሮ

ከራስ ቆዳ በላይ የሚታየው ጠጕር ሕይወት የሌለው ነገር ነው፤ ሕያው የሆነው ከቆዳ በታች ያለው ሥሩ ብቻ ነው። ሥሩም ምግቡን የሚያገኘው ከደም እንጂ ከላይ ከሚፈስበት ቅባት አይደለም። ጠጕር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ በየቀኑም ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጠጕር ቢረግፍ የተፈጥሮ ሥርዐት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። እንግዲህ ቅባት ጠጕርን ያሳድጋል ማለት ስሕተት ሲሆን፥ ከመሰበር ያድነዋል ማለት ግን እውነት ነው። ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በተጠቀለለ ጠጕር ላይ እስከ ጫፍ ወርዶ ስለማይደርስ ጫፉ ይደርቃል፤ ይሰበራልም። ስለዚህ የእናቶቻችን ቅቤ የመቀባት ልማድ በቂ ምክንያት ያለው ነው።

ቅባቶቹን ስለ ማዘጋጀት

አንደኛ፤ ቅቤ። ለጋ ቅቤ በውስጡ አሬራ ይዞ ይቀራል፤ ቶሎ የሚሸትተውም፥ ተሕዋስያን የሚራቡበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለሆነም ቅቤውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፥ ውሃው ጥርት ብሎ ሲወጣም በለዘብተኛ እሳት አንጥሮ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ይገባል። ሽታ እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው ደርቆ የተወቀጠ አደስ ይጨምርበታል። ከዚህ በኋላ ክዳን ባለው ጠርሙስ ማስቀመጥ ነው። ለአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ በማግስቱም በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ይገባል። በፀሓይ ቀልጦ በአንገትና በልብስ ላይ የሚወርድ ቅቤ አቧራና ዝንብ ከመሰብሰብ በቀር ትርፍ የለውም።

ሁለተኛ፤ ተልባ። አንድ ሲኒ ያልተቈላና ያልተወቀጠ ተልባ በስምንት ሲኒ ውሃ ጨምሮ አሥር ደቂቃ ያህል እያማሰሉ ማፍላት ነው። እንደ እንቍላል ነጭ ሲለጠልጥ፥ ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ ይጠለላል። ይህ ልጥልጥ ነገር ጠጕርን አለስልሶ ለማበጠርና ሹሩባ ለመሥራት ያመቻል፤ እንደ ቅቤም አይሸትትም። ነገር ግን ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ከአንድ ቀን በላይ ማቈየት አይገባም።

ሦስተኛ፤ የጉሎ ዘይት። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ጥቂት ጠብታ በጠጕር ጫፍ ላይ ይበቃል። ፍሬው ግን ብርቱ መርዝ አለበት፤ ጥቂት ፍሬ ያኘከ ሕፃን ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ፍሬውን ቤት ውስጥ ከመጭመቅ ይልቅ ተጣርቶ የተዘጋጀውን ዘይት ከመድኃኒት ቤት መግዛት ይሻላል። ፍሬውም ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

ሹሩባን በሚመለከት፥ ግንባርን እስኪያም ድረስ ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ሥሩን እየነቀለ ግንባርን ያራቍታል። ሥራው ይህን ሲያደርግ ቢቈይ ጠጕሩ ዳግመኛ ላይበቅል ይችላል።

ቅባት የሚጐዳበት ጊዜ

ብዙ ሰው ፎረፎር ሲታየው «ራሴ ደረቀ» ብሎ ቅቤ ይጨምራል። ፎረፎርን የሚያባብሰው ግን በራስ ቆዳ ላይ የሚኖር ረቂቅ የእርሾ ዘር ነው፤ ምግቡም ቅባት ነው። እንግዲህ ፎረፎር ያለበት ሰው ቅባቱን ቀንሶ ራሱን አዘውትሮ መታጠብ፥ ካልተሻለውም ለዚሁ የተሠራውን ሻምፑ ከመድኃኒት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።

እንዶድም ልብስ ስለሚያነጻ ለራስ መታጠቢያ የሚያደርጉት አሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመልክተው፥ እንዶድ የብልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አስረድተዋል። ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድል ነገር ዐይን ውስጥ ቢገባ ወይም ቢዋጥ ሰውንም ይጐዳል። ከዕፅ የተገኘ ሁሉ የማይጐዳ አይደለምና፥ ለራስ ሳሙና ይበቃል።

ስለ ቅማል

የራስ ቅማል ከራስ ወደ ራስ በመነካካት ይተላለፋል፤ በንጹሕ ራስ ላይም ይኖራል። በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች እንኳ እስከ ዛሬ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ልጁን ማሳፈር ተገቢ አይደለም። ተስቦንና የሚያገረሸውን ትኩሳት በዋናነት የሚያስተላልፈው ግን በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው የገላ ቅማል ነው፤ መድኃኒቱም ልብስን መቀቀልና መተኰስ ነው።

ለራስ ቅማል ቤት ውስጥ የሚደረገው ይህ ነው፤ ጠጕሩን አርጥቦ ዘይት ወይም የተልባውን ልጥልጥ መቀባት፥ ጥርሱ በተቀራረበ ሚዶ ከሥር እስከ ጫፍ እየከፈሉ ማበጠር፥ ሚዶውንም በነጭ ጨርቅ እየጠረጉ መመልከት። ቅጫሙ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል፥ በየሦስት ቀኑ እየደገሙ ሁለት ሳምንት መቀጠል ግዴታ ነው። ቤተ ሰቡም ሁሉ በአንድ ቀን ይታይ።

ለበርበሬና ለበቈሎ ማሳ ወይም ለጎተራ የተገዛውን የተባይ መርዝ በልጅ ራስ ላይ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። መርዙ በቆዳ ገብቶ ትንፋሽን ሊያቈም ይችላል። ነጭ ጋዝም ቆዳን ያቃጥላል፤ ከምድጃ አጠገብ ደግሞ እሳት ያስነሣል።

ስለ ቆረቆር

በልጅ ራስ ላይ ክብ ሆኖ የሚታይ፥ ጠጕሩ ከሥር የተሰበረበትና የሚቀረፍ ቦታ ቆረቆር ነው። ይህን በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ በጠጕሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ፥ ቅቤም ዐመድም የቅጠል ጭማቂም አይደርስበትም፤ የመድኃኒት ቅባት እንኳ ብቻውን አያድነውም። የሚያድነው የጤና ባለሙያ የሚያዝዘው፥ እንደ ግሪዝዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወሰዳል። ሳይታከም ቢቈይ አብጦና መግሎ የማይመለስ መላጣ ሊያስቀር ይችላል። ቆረቆር በሚዶ፥ በቆብና በመላጫ ይተላለፋል፤ ልጆችን ሁሉ በአንድ ምላጭ መላጨት ከዚህም ሌላ ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ሊያዛምት ስለሚችል፥ ለእያንዳንዱ አዲስ ምላጭ ያስፈልጋል።

የመምህራን ተግባር

መምህራን ሆይ! በተማሪ ራስ ላይ ቆረቆር ብታዩ ልጁን በጓደኞቹ ፊት አታጋልጡት፤ ወላጆቹን ለብቻ ጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ምከሩ። ሕክምና ከጀመረ በኋላ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ምክንያት የለም፤ ቆቡንና ሚዶውን ለሌላ አለማዋሱ ይበቃል። ቅቤውና ተልባው የቤት ጸጋ ናቸው፤ ጠጕርን ያለሰልሳሉ። በሽታ በታየ ጊዜ ግን ቅባቱ ቈይቶ የጤና ባለሙያው ይቅደም።