ያውቁ ኖሯል? በፖርቶና በሴቪያ የሚጠጡት ቀዝቃዛ ኮክቴሎች

• ፖርት የሚባለው የፖርቱጋል ወይን ጠጅ ገና በመፍላት ላይ ሳለ ከወይን የተጣራ ጠንካራ አልኮል ይጨመርበታል። አልኮሉ እርሾውን ስለሚገድለው የወይኑ ስኳር ሳያልቅ ይቀራል፤ ጣፋጭነቱም ከዚህ ይመጣል። የአልኮል መጠኑ 20 በመቶ አካባቢ ነው።

• ወይኑ የሚለማበት የዶውሮ ሸለቆ ወሰን በሕግ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1756 ነው።

• በፖርቶ ከተማ ነጩን ፖርት ከቶኒክ ጋር ቀላቅለው፣ በረዶና የሎሚ ወይም የብርቱካን ቁራጭ ጨምረው ከምግብ በፊት ይጠጡታል። ስሙ «ፖርቶ ቶኒኮ» ነው።

• በደቡብ ስፔን በሚሠራው ሸሪ በሚባለው ወይን ጠጅ ላይ ግን አልኮሉ የሚጨመረው መፍላቱ ካበቃ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊኖና ማንዛኒያ የተባሉት ዓይነቶች ጣፋጭ አይደሉም፤ አልኮላቸውም 15 በመቶ ገደማ ነው።

• በሴቪያ የፀደይ በዓል፣ በ«ፌሪያ»፣ ፊኖን ወይም ማንዛኒያን የሎሚ ጣዕም ካለው ለስላሳ፣ ከበረዶና ከናና ቅጠል ጋር ቀላቅለው «ሬቡኺቶ» ይሉታል።

ወደ እነዚህ ከተሞች ከተጓዙና አልኮል የሚጠጡ ከሆነ ሁለቱንም ቢቀምሷቸው ደስ ይልዎታል። ለስላሳው የአልኮሉን ኃይል ስለሚሸፍን ቀስ ብለው ይጠጡ፤ ጠጥተው ግን ፈጽሞ አያሽከርክሩ።